ሁለት ዛፍ በአንድ ሴሚስተር

በ2018 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር ውስጥ፣ አንዱ ማክሰኞ ሌላው ሐሙስ፣ ሁለት የፈተና ወረቀቶች ተመለሱልኝ። የሪል አናሊሲሱ (የካልኩለስን መሠረት በማረጋገጫ የሚያጠናው ኮርስ) 41 ከ100 ይላል፤ የአብስትራክት አልጄብራው (የመደመርና የማባዛት ሥርዓቶችን የሚያጠናው) ደግሞ 38። ሁለቱንም አጣጥፌ አንድ ደብተር ውስጥ ከተትኩና ወደ ሥራ ገባሁ። በዚያን ጊዜ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ መኪና ስለማይበዛ፣ ሌላ ጊዜ እዚያች ጠባብ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ማጥናት ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሌሊት ግን ደብተሩን ሳልከፍተው ነጋ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተስተካክሏል፤ ትምህርቱንም ጨርሻለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አዲስ አበባ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር በሒሳብ ከ90 በታች ያመጣሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የካልኩለስ ኮርሶችን ሁሉ ያለፍኩት በኤ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት አውቀዋለሁ እያልኩ የኖርኩት ነገር ምን ነበር? ሁለቱን ኮርሶች በአንድ ሴሚስተር ባልወስዳቸው ኖሮ ይህን ጥያቄ መቼም የምጠይቅ አይመስለኝም።

የምዝገባው ቀን

ሁለቱን አንድ ላይ የወሰድኩት በድፍረት ሳይሆን በስሌት ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ ለአንድ ተማሪ በዕድሜው የሚሰጠው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ ማሻሻያውንና ቅድመ ኮርሶቹን ጨምሮ ዘጠኙን ጨርሻለሁ። በዲፓርትመንታችን ደግሞ የሁለቱም ትምህርቶች የመጀመሪያ ክፍል የሚሰጠው በፎል (በዓመቱ የመጀመሪያ ሴሚስተር) ብቻ፣ ሁለተኛው ክፍል በስፕሪንግ (በሁለተኛው) ብቻ ነበር። አንዱን ለሚቀጥለው ዓመት ባሳድረው መጨረሻዬ 13ኛው ሴሚስተር ላይ ይወድቃል፤ ያን ሴሚስተር የሚከፍልልኝ የለም።

አድቫይዘሬ (የትምህርት አማካሪዬ) ምዝገባውን ከመፍቀዱ በፊት አብዛኛው ተማሪ ሁለቱን በተለያየ ጊዜ እንደሚወስዳቸው ነገረኝና፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምሠራ ጠየቀኝ። 24 ሰዓት ስለው ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ማታ ቤት ስገባ ለሥራ እየተዘጋጀች ነበርና ነገሩን ቆማ ሰማችኝ። «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለችኝና ጫማዋን ማሰር ቀጠለች። በሩን ከፍታ ከወጣች በኋላ ግን ተመልሳ፣ «መቼም ከወጣሽ አይቀር እንዳትወድቂ» ብላ ሄደች።

ሽምደዳ ሲያልቅ

አጠናን የማውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ቲዎረሙን በካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ በጀርባው ማረጋገጫውን እገለብጣለሁ፤ ከዚያ ቃል በቃል እስክደግመው ድረስ እመላለስበታለሁ። በዚህ ዘዴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንተግራል ሁሉ ሳያስቸግሩኝ አልፈዋል። ፈተናው የሚጠይቀው ቀመሩ ውስጥ ቁጥር ማስገባት እስከሆነ ድረስ ዘዴው ይሠራል፤ እንዲያውም ትጉህ ያስመስላል። ኦክቶበር ላይ ለሁለቱ ኮርሶች የጻፍኳቸው ካርዶች ከ90 በላይ ነበሩ፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

የአናሊሲሱ ፈተና አንዱ ጥያቄ፣ አንድን ቁጥር በራሱ የሚያባዛው ፈንክሽን በቁጥር መስመሩ ሁሉ ላይ ዩኒፎርምሊ ኮንቲኒዩየስ አለመሆኑን አረጋግጪ የሚል ነበር። እኔ ያው ፈንክሽን ኮንቲኒዩየስ መሆኑን አንዲት ቃል ሳልስት ጻፍኩ። ኤፕሲሎኑም (በውጤቱ ላይ የሚፈቀደው ለውጥ) ዴልታውም (ያን ለመጠበቅ ርምጃው ማለፍ የሌለበት ወሰን) በየቦታው ነው። መምህሩ ከሥሩ በእርሳስ፣ «ይህ ማረጋገጫ ትክክል ነው፤ የጠየቅኩት ግን ይህን አይደለም» ብሎ ጽፎ ዜሮ ሰጠኝ።

በሁለቱ ብያኔዎች መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በኮንቲኒዩየስ ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ዴልታ ይፈለግለታል፤ በዩኒፎርምሊ ኮንቲኒዩየስ ለነጥቡ ሁሉ የሚበቃ አንድ ዴልታ ይፈለጋል። በአማርኛ ሳስበው በኋላ በጣም ግልጽ ሆነልኝ፤ «ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ሲኒ አለ» እና «ለእንግዳው ሁሉ አንድ ሲኒ አለ» የሚሉት አንድ ዓይነት ግብዣ አይደሉም። በዚያ ፈንክሽን ላይ 1 ዘንድ ሆነን በ0.01 ብንራመድ ውጤቱ በ0.0201 ብቻ ይለወጣል፤ 1000 ዘንድ ሆነን ያንኑ 0.01 ብንራመድ ግን በ20.0001 ይዘላል። እየራቅን በሄድን ቁጥር ያው ርምጃ የሚያስከትለው ዝላይ እያደገ ስለሚሄድ፣ አንድ ዴልታ ለሁሉም አይበቃም። ነገሩ ይኸው ነው። ካርዴ ላይ ግን ይህ አልነበረም፤ ካርዴ ላይ የነበረው የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

የአልጄብራውን ወረቀት በዝርዝር አላወራውም፤ በሽታው አንድ ነው። እዚያም ያልተጠየቀ ማረጋገጫ በሚያምር ጽሑፍ አስፍሬአለሁ።

ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው አንድ ነገር አምናለሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ወስጄ ቢሆን ኖሮ በሽምደዳ እወጣው ነበር። አርባና ሃምሳ ማረጋገጫ መሸከም እችላለሁ፤ ሲ ወይም ቢ አምጥቼ፣ ምንም ሳይገባኝ፣ አልፌው እሄድ ነበር። ሁለት ሲሆኑ ግን ጭነቱ ከትከሻዬ በላይ ሆነ። ሰዎች ሁለት ከባድ ኮርስ አብሮ መውሰድ መጥፎ ነው ሲሉ የሚያነሡት ምክንያት ጊዜ ነው፤ የቤት ሥራው ይበዛል፣ እንቅልፍ ይጠፋል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይበዛል፣ ይጠፋልም። እኔን የሰበረኝ ግን የጊዜ እጥረት አልነበረም። ቃል በቃል የሚያዘው ነገር ከመጠን ሲያልፍ፣ ከሥሩ ሌላ ምንም እንደሌለኝ ታየኝ።

ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለሁለት ሳምንት ያህል ከደበቅኩት በኋላ ወደ አልጄብራ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቴን አልጠየቀችኝም። ደብተሬን እንድዘጋ ነገረችኝና፣ «ኮሸንት ሪንግ ውስጥ ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው ሲባል ምን ማለት ነው?» አለችኝ። (ሪንግ መደመርና ማባዛት ያለው ሥርዓት ነው፤ ኮሸንቱ ከውስጡ አንዳንዶቹ እንደ ዜሮ ሲቆጠሩ የሚተርፈው ነው።) ብያኔውን ደገምኩላት። «እሱን መጽሐፉም ይላል፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታው ሲረዝም የግድግዳውን ሰዓት አሳየችኝና፣ 12 ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ እንደሚጀምር፣ ይህም ማለት 12ቱን እንደ ዜሮ እንደምንቆጥረው ነገረችኝ። አመስግኜ ወጣሁ፤ የሰዓቱን ምሳሌ ግን እሱንም በካርድ ላይ ጽፌ ልይዘው ነበር።

ያን ሌሊት ቡዙ ውስጥ ሆኜ ስለ ሰዓቱ ሳስብ ሐሳቤ ሄዶ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው የሚጣሉ ቁጥሮች 12 ሳይሆኑ 19 እና 30 ነበሩ። ሰንበት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ አስተምረውናል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ዓመተ ዓለም ይገኛል። እሱ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 30 ከተጣለ በኋላ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ 30 ከተጣለ በኋላ የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው። ነነዌና ዓቢይ ጾም የሚገቡበት ቀን የሚገኘው ከዚህ ተነሥቶ ነው። መምህራችን፣ «አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ ካልሆኑ ተሳስታችኋል» ይሉን ነበር። እኛም በዜማ እንደግመዋለን።

ያለፈበት ደረሰኝ ጀርባ ላይ የዓመቱን አወጣሁ። 5500 ሲደመር 2011፣ 7511። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 6፤ ወንበሩ 5። 5 በ11 ሲባዛ 55፤ 30 ሲጣል 25፣ አበቅቴ። 5 በ19 ሲባዛ 95፤ 90 ሲጣል 5፣ መጥቅዕ። 25 እና 5፣ 30። እንደ ድሮው ትክክል መሆኑን አይቼ ደረሰኙን ልጥለው ስል እጄ ቆመ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ 30 የሚሆነው?

ይህን ጥያቄ በአሥር ዓመቴም፣ በሃያ ዓመቴም ጠይቄው አላውቅም። ይመስገን ብዬ ነው የተቀበልኩት። አሁን ግን ብዕሩ እጄ ላይ ነበርና ከሥሩ ጻፍኩ፤ ወንበሩ ምንም ይሁን ምን፣ 11 ጊዜ ወንበር እና 19 ጊዜ ወንበር ሲደመሩ 30 ጊዜ ወንበር ናቸው። 30ዎቹ ደግሞ የሚጣሉ ናቸው። ስለዚህ ከተጣለላቸው በኋላም ድምራቸው የ30 ብዜት ከመሆን አያልፍም። ሁለቱም ከ30 ያንሳሉና ድምሩ 60 አይደርስም፤ ያለው ምርጫ 0 ወይም 30 ነው።

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ልተወው ነበር፤ ነገር ግን ያ «0 ወይም» የሚለው ቃል ቆረቆረኝ። መኪና መጥቶ ሒሳብ ተቀብዬ በሩን ከፈትኩ፤ ተመልሼ ስቀመጥም ቁርቆራው እዚያው ነበር። ድምሩ 0 የሚሆነው ሁለቱም 0 ሲሆኑ ብቻ ነው። አበቅቴ 0 እንዲሆን 11 ጊዜ ወንበር የ30 ብዜት መሆን አለበት። 11 እና 30 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ወንበሩ ራሱ የ30 ብዜት ካልሆነ በቀር ይህ አይሆንም። ወንበር ደግሞ ከ18 አይበልጥም። እንግዲያው የሚቀረው ወንበሩ ዜሮ የሆነበት ዓመት ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት መጥቅዑ 30 ይባላል የሚል ሕግ ለብቻው አስተምረውን ነበር! ያ ሕግ ለምን እንደተጨመረ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ሊቃውንቱ ያችን አንዲት ቀዳዳ ከብዙ ዘመን በፊት አይተዋት፣ ደፍነዋት ነበር።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ነበር። ማንም ያላስተማረኝን፣ ከየትም ያልገለበጥኩትን ማረጋገጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፌ ጨረስኩ። ስድስት መስመር ነው። ደረሰኙ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ቀለሙ ግን እየለቀቀ ነው።

አንድ ሰው በሁለት ደብተር

ከዚያ በኋላ ካርዶቹን ተውኳቸው። እያንዳንዱን ቲዎረም ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ፣ ማረጋገጫውን ሳላይ፣ በባዶ ወረቀት መሞከር ጀመርኩ። ቀርፋፋ መንገድ ነው። አንድ ገጽ አንድ ሌሊት ይፈጃል፤ የቤት ሥራ ሳላስረክብ የቀረሁባቸው ሳምንቶችም አሉ። ኖቬምበር ላይ ግን ያላሰብኩት ነገር መጣ።

የአናሊሲሱ መምህር የቁጥር መስመሩን ከክፍልፋዮች እንዴት እንደምንሠራው ያሳየን ጀመር። 1፣ 1.4፣ 1.41፣ 1.414 እያሉ ወደ 2 ስኩዌር ሩት የሚጠጉት ቁጥሮች ሁሉም ክፍልፋዮች ናቸው፤ የሚሄዱበት ቦታ ግን ክፍልፋይ የለም። እንዲህ ተከታትለው የሚሄዱ ቁጥሮች ሲኩዌንስ ይባላሉ፤ ኮሺ ሲኩዌንስ የሚባለው ብያኔ የሚያምረኝ ለዚህ ነው። ስለ መድረሻው አንዲት ቃል አይናገርም፤ የሚናገረው ተጓዦቹ እርስ በርሳቸው የፈለግነውን ያህል እየተቀራረቡ መሄዳቸውን ብቻ ነው። ከዚያም መምህሩ፣ የሁለት ሲኩዌንሶች ልዩነት ወደ ዜሮ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱን እንደ አንድ እንቆጥራቸዋለን አለ።

እንደ አንድ እንቆጥራቸዋለን! ሠላሳውን መጣል ማለት ይኸው ነው። በዚያው ሳምንት በሌላው ክፍል ስለ አይዲያል እየተማርን ነበር፤ አይዲያል ማለት በውስጡ ያሉት ሲደመሩ እዚያው የሚቀሩ፣ ከውጭ የመጣ ማንም ቢያባዛቸውም ከዚያ የማይወጡ የቁጥሮች ስብስብ ነው። የ30 ብዜቶች እንደዚያ ናቸው። ወደ ዜሮ የሚሄዱ ሲኩዌንሶችም እንደዚያ ናቸው፤ ሁለቱ ቢደመሩ ድምራቸው ወደ ዜሮ ይሄዳል፣ በየትኛውም ኮሺ ሲኩዌንስ ቢባዙም ወደ ዜሮ መሄዳቸውን አይተዉም። እንግዲህ በአናሊሲስ «ቁጥር» የምንለው ነገር፣ በአልጄብራ ቋንቋ የኮሺ ሲኩዌንሶች ሪንግ ወደ ዜሮ የሚሄዱት ሲጣሉለት የሚተርፈው ነው።

አንዱ የቤት ሥራ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ተገላቢጦሽ እንዳለው አረጋግጡ ይል ነበር። ወደ ዜሮ የማይሄድ ኮሺ ሲኩዌንስ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ከዜሮ ርቆ ይቆማል፤ ከዚያ በፊት ያሉት ጥቂት አባላት ዜሮ ቢሆኑ እንኳ በ1 ቢተኩ ለውጡ የሚጣለው ውስጥ ስለሚወድቅ ምንም አይጎዳም፤ ከዚያ እያንዳንዱን መገልበጥ ይቻላል። የአልጄብራው ቤት ሥራ ደግሞ ይህ አይዲያል ማክሲማል መሆኑን፣ ማለትም ከእሱ የሚሰፋ አይዲያል ሪንጉ ራሱ ብቻ መሆኑን፣ አሳዩ የሚል ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው አንድ ማረጋገጫ ናቸው። በሁለቱ ኮርሶች ደብተሮች፣ በሰማያዊውም በቀዩም ላይ፣ ያንኑ ጻፍኩ፤ በሁለቱም ሙሉ ነጥብ አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የጀርመናዊውን የሒሳብ ሊቅ የሪቻርድ ዴዴኪንድን ታሪክ ያነበብኩት። ጎቲንገን ሳለ ስለ ጋልዋ ቲዎሪ ያስተምር ነበር፤ ይህ አልጄብራ ነው። በ1858 ዙሪክ ሄዶ ካልኩለስ ማስተማር ሲጀምር ግን የቁጥር መስመሩ ቀዳዳ የሌለው ስለመሆኑ በእጁ ላይ እውነተኛ ማረጋገጫ እንደሌለው አየ። የሚያስተምረውን ነገር አለማወቁን ተቀበለና ተቀመጠበት። መልሱን ያገኘበትን ቀን ራሱ መዝግቦታል፤ ኖቬምበር 24 ቀን 1858። ለማሳተም ግን እስከ 1872 ቆየ። የሄደበት መንገድ በሲኩዌንስ ሳይሆን ክፍልፋዮቹን ለሁለት በመክፈል ነው፤ የሲኩዌንሱን መንገድ በዚያው በ1872 ያሳተመው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ጌዮርግ ካንተር ነው። አይዲያል የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ በ1871 ያወጣውም ይኸው ዴዴኪንድ ነው። ይህን ሳነብ ኖቬምበር 2018 ነበር፤ ድፍን 160 ዓመት። በሰማያዊው ደብተሬም በቀዩም ያለው ሰው አንድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ለእሱ ሁለት ዛፎች አልነበሩም።

ባዶ ወረቀት

በመጨረሻ በአናሊሲስ ቢ፣ በአልጄብራ ቢ ማይነስ አገኘሁ። ያጣሁትም አለ። በዚያ ሴሚስተር ሁለት የቤተሰብ ለቅሶ ላይ አልተገኘሁም፤ እናቴን ለሳምንታት ያየኋት በር ላይ ስንተላለፍ ብቻ ነው። ገና በዓል ቀን ተኝቼ ዋልኩ። ይህን ሁሉ ሌላ ሰው እንዲከፍል አልመክርም፤ ሳይገደዱ በሳምንት 24 ሰዓት እየሠሩ ሁለቱን መውሰድ ተገቢ ነው ብዬም አላምንም። የማረጋገጫ አጻጻፍ የሚያስተምረውን ኮርስ ቀድሞ ያልወሰደ ሰው ደግሞ፣ ጊዜ ቢተርፈውም፣ አንዱን ቢያቆየው እመርጣለሁ።

አሁን የምሠራው በአንድ ኮሌጅ የሒሳብ ማስጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ወጣት የምዝገባ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ሁለቱን አብሬ ልውሰድ ወይ አለኝ። ውጤቱን አሳየኝ፤ ሁሉም ኤ ነው። መጽሐፉን እንዲዘጋ ነገርኩትና ባዶ ወረቀት ሰጠሁት። አንድ ሲኩዌንስ ሁለት የተለያዩ ሊሚቶች (የሚጠጋባቸው መድረሻዎች) ሊኖሩት እንደማይችል በራስህ መንገድ አሳየኝ አልኩት።

«ሁለት አሉት እንበል» ብሎ አንድ መስመር ጻፈና ቆመ። ሰረዘ። ደግሞ ጻፈ። ቀጥሎ አግድም መስመር ስቦ ሁለት ነጥቦች አደረገበት፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍት ቦታ በእርሳሱ ጫፍ ወዲያ ወዲህ እየለካ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ ኤፕሲሎኑን የሁለቱ ርቀት ግማሽ ባደርገው ይፈቀድልኛል ወይ ሲል ጠየቀኝ።

«ጻፈው» አልኩት፤ ወንበሬን ስቤም አጠገቡ ተቀመጥኩ።